ቬሎ፣ ቀለበትና ብረት

በጥር ወር እሑድ ረፋድ ላይ ከሃና ማርያም ወደ ፉሪ በታክሲ የተጓዘ አንባቢ ካለ፣ የምለውን ለማስረዳት ብዙ አልደክምም። መንገዱ የሰርገኛ ነው። አበባ የተለጠፈባቸው መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ይሰለፋሉ፤ ከአንዱ መኪና መስኮት ወገቡን ያወጣ ካሜራ ያዥ ወደ ኋላ ዞሮ ሙሽሮቹን ይቀርጻል፤ የፉሪ ተራራ ከበስተጀርባ ዝም ብሎ ያያል። ታክሲ ውስጥ ያለው ተሳፋሪ አንገቱን ያሰግግና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይናገራል፤ «ቬሎዋ እንዴት ያምራል!»

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰምቼው፣ ስንት ጊዜ ተናግሬው፣ ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እንድጠይቅ ያስገደዱኝ አጎቴ ናቸው።

ታናሽ እኅቴ ልታገባ ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ለድንኳኑ እንኳ ቀብድ ተከፍሎ ሳለ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ፉሪ ወዳለው ቤታችን መጡ። ቡናውን ሁለተኛ ከጠጡ በኋላ፣ «ለመሆኑ ልጅቱ ምን ለብሳ ነው የምትወጣው?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ነገሩን አቅልላ፣ «ያው እንደ ጊዜው ቬሎ ነዋ ጋሼ» አለች። ሲኒውን አስቀመጡ። አባታቸው፣ ማለትም አያቴ፣ አምስቱን ዓመት በዱር በገደል ያሳለፉ አርበኛ ነበሩ። «አባቴ የተዋጋውን ሰው ልብስ ለብሳ ከፊቴ የምትቆም ልጅ አልመርቅም። ቃሉ ራሱ የጣልያን ነው» አሉና ሦስተኛውን ቡና ሳይጠብቁ ወጡ።

እኅቴ አለቀሰች። አባታችን በሕይወት ስለሌሉ መራቂያችን እኒሁ አጎታችን ናቸው፤ ያለ እሳቸው ምርቃት የሚወጣ ሰርግ ደግሞ በእናቴ ዘንድ ሰርግ አይባልም። እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ «አንተ መጽሐፍ ታነብ የለም እንዴ? አንድ ነገር በላቸው» አለችኝ። ቀን ቀን በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ማታ ግጥም የምሞክር ሰው ነኝ። ስለ ቬሎ ግጥም ለመጻፍ ብሞክር ሁለት ስንኝ ላይ ቆመብኝና ወደ ንባብ ዞርሁ። ከዚህ በታች ያለው ለአጎቴ መልስ እንዲሆን ያሰናዳሁት ነበር፤ እየጻፍሁት ሳለ ግን መልስነቱ ቀረና ሌላ ነገር ሆነ።

አጎቴ በቃሉ ላይ አልተሳሳቱም። ቬሎ ጣልያንኛ ነው። በአገሩ ግን ትርጉሙ ጠባብ ነው፤ የሙሽራይቱን ራስና ፊት የሚሸፍነውን ስስ ጨርቅ ብቻ ያመለክታል። እኛ ቃሉን ተቀብለን ሙሉ ቀሚሱን ከነጅራቱ ቬሎ አልነው። ከአንድ ቁም ሣጥን አብረውት የወጡ የሚመስሉ ሌሎች ቃላትም አሉ፤ ጓንት፣ ካልሲ፣ ከረባት፣ ከነቴራ። የሰርጉን ኬክ ቶርታ የሚሉ እናቶች ዛሬም አሉ፤ ለሕፃናቱ የሚታደለው ከረሜላ እንኳ የዚያው አገር ቃል ነው። አንድ የአዲስ አበባ ሙሽራ ከእግር እስከ ራሱ ቢፈተሽ፣ ጣልያንኛ ያልሆነ ስም ያለው ሚዜው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከቃሉ አልፌ ጣልያኖቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚጋቡ ሳነብ ደግሞ ጎረቤቶቼን ያየሁ መሰለኝ። ማክሰኞና ዓርብ አይጋቡም፤ በነዚህ ቀናት መንገድ መጀመርም አይወዱም። ማክሰኞ በጦር አምላክ በማርስ፣ ዓርብ በቬነስ ስም የተሰየሙ ቀናት ናቸውና። (እኛስ ረቡዕና ዓርብ ሰርግ እንደግሳለን? ምክንያቱ ቢለያይም ቀን መምረጡ አንድ ነው።) በሁዳዴ ጾም ሰርግ እንደማናደርግ ሁሉ ካቶሊኮቹም በጾማቸው ይታቀባሉ። ግንቦት ሲገባ ማግባትን ደግሞ ከክርስትና በፊት የነበሩት ሮማውያን ጭምር ይፈሩት ነበር፤ በዚያ ወር የሙታን መናፍስት ወደየቤታቸው ይመለሳሉ ብለው ለሌሙሪያ ቀናት ሥርዓት ያደርጉ ነበርና። ባለቅኔው ኦቪድ ይህን መዝግቦታል። በኋላ ወሩ የማርያም ተባለና ፍርሃቱ ስሙን ቀይሮ ቀጠለ።

ሙሽራይቱ ተሞሽራ ካበቃች በኋላ ራሷን በመስተዋት ሙሉ ለሙሉ ማየት የለባትም፤ ካየችም አንድ ጓንቷን ወይም አንድ ጫማዋን ማውለቅ አለባት። ሰርገኛው ሲመጣ በአንዳንድ ቦታ የሰፈሩ ሰዎች መንገዱን በጥብጣብ ይዘጉና ካልከፈላችሁ አታልፉም ይላሉ። የሙሽራይቱ ጓደኞች በራችንን ይዘው ሽቶና ብር የሚያስከፍሉበትን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለእንግዳው በስኳር የተለበጠ ለውዝ ይሰጣሉ፤ በዚህ ሥራ የታወቀችው ከተማ ሱልሞና ትባላለች። ቁጥሩ አምስት ነው፤ ለጤና፣ ለሀብት፣ ለደስታ፣ ለልጅና ለረጅም ዕድሜ። ጎዶሎ ቁጥር የሚመረጠው ለሁለት እኩል ስለማይከፈል ነው፤ ባልና ሚስት እንዳይለያዩ። ዝናብ ከዘነበ ሙሽራይቱ ዕድለኛ ናት። እናቴ ይህን ብነግራት አልተቀበለችም፤ በእርሷ ዕውቀት በሰርጓ ቀን የሚዘንብባት ልጅ ድስት ስትልስ ያደገች ናት። የቬሎው ጫፍ በሰርጉ ዕለት ቢቀደድም እንደ መልካም ምልክት ይቆጠራል ይላሉ።

ከሁሉ ይልቅ ያቆመኝ ግን ብረቱ ነው። ጣልያናዊ ሙሽራ በኪሱ ቁራጭ ብረት ይይዛል፤ ማሎኪዮ የሚሉትን ክፉ ዓይን እንዲመልስለት። በሌላውም ጊዜ ክፉ ነገር ሲነሣ ብረት መንካት ልማዳቸው ነው። እኛም ዓይን እንፈራለን፤ ቡዳ እንላለን። ነገር ግን እነርሱ ብረቱን ጋሻ ሲያደርጉት፣ እኛ ብረቱን ቀጥቅጦ ማረሻና ጦር የሚሠራልንን ሰው ራሱን ቡዳ አልነው። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን መሳደብ እንዲቀር በአዋጅ እስኪገሥጹ ድረስ የኖርንበት ነውር ነው፤ ከአዋጁም በኋላ ብዙ ኖረንበታል። አንዱ ሕዝብ የሚድንበት ሌላው የሚፈራው ያው አንድ ብረት መሆኑ ሲገርመኝ ሰነበተ። ይህ ብረት ወደ ኋላ ተመልሶ ይመጣል።

መጀመሪያ ግን የአጎቴን ክርክር ልጨርስ። የሮማ ሙሽሮች መሸፈኛ ነበልባል የሚመስል ቢጫና ቀይ እንጂ ነጭ አልነበረም፤ ዓላማውም ሙሽራይቱን ከክፉ መናፍስት መሰወር ነበር። ነጩ ቀሚስ በዓለም የተስፋፋው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 (እ.ኤ.አ.) ነጭ ለብሳ ካገባች ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የኢጣልያ የገጠር ሙሽራ ከሁሉ የሚያምረውን ባለቀለም ልብሷን ትለብስ ነበር። በእኛስ? በአማራ ገጠር ሙሽራ ፊቷን በኩታ ተሸፍና፣ በሚዜ ጀርባ ታዝላ ወጥታ በበቅሎ ላይ ትቀመጥ ነበር። አጎቴ ራሳቸው ያገቧትን ልጅ ፊት ቤታቸው እስክትገባ አላዩም። እንግዲህ ነጩ ቀሚስ ከእንግሊዝ መጣ፣ ስሙን ከጣልያን ወሰድን፤ መሸፈኑ ግን ቀድሞም ነበረን። በዚህ ክርክር የምረታ መሰለኝ።

ነገር ግን ስለ ቬሎ ሳነብ ስለ ቀለበት ማንበቤ አልቀረም።

የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። የመንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ የጣለው የኢኮኖሚ ማዕቀብ ኅዳር 8 ቀን ተጀመረ። ሙሶሊኒ ወርቅ ቸገረው። ልክ በወሩ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ዕለት፣ በመላ ኢጣልያ የቀለበት ቀን ታወጀ። በሮም ከተማ በስም የለሹ ወታደር መቃብር ፊት ንግሥት ኤሌና የራሷንና የባሏን የንጉሡን የጋብቻ ቀለበት የመጀመሪያ ስጦታ አድርጋ ሰጠች። ከእርሷ በኋላ በጦርነት ልጆቻቸውንና ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች፣ ከእነርሱም በኋላ ሌላው ሕዝብ ተሰለፈ። በሮም ብቻ ሩብ ሚሊዮን ያህል ቀለበት ተሰበሰበ፤ በመላ አገሪቱ የተሰበሰበው ወርቅ ከ30 ቶን በላይ ነበር። የኖቤል ተሸላሚው ደራሲ ሉዊጂ ፒራንዴሎ ከአንድ ዓመት በፊት የተቀበለውን ሜዳልያ ሰጠ። ከሁሉ የከፋኝ ቤኔዴቶ ክሮቼ ነው፤ ፋሺዝምን ሲቃወም የኖረው ይህ ፈላስፋ እንኳ የሴናተርነት ሜዳልያውን አስረከበ። ሥነ ጽሑፍ የምንወድ ሰዎች እንዲህ ዓይነቱን ነገር ስናነብ ገጹን ቶሎ መግለጥ እንወዳለን።

በወርቁ ምትክ ለሴቶቹ ምን ተሰጠ? የብረት ቀለበት። ውስጡ «ወርቅ ለአባት አገር» የሚል ጽሑፍና ማዕቀቡ የተጀመረበት ቀን ተቀርጾበታል። በጣልያንኛ የጋብቻ ቀለበት «ፌዴ» ይባላል፤ ይኸው ቃል እምነት ማለትም ነው። ስለዚህ ዕለቱ የቀለበት ቀንም የእምነት ቀንም ነበር፤ ቃሉ ለፕሮፓጋንዳ ሰዎች ሳይለፉ የተገኘ ሰምና ወርቅ ሆነላቸው። የጋብቻ ቀለበትን ከጣት ማውለቅ ለትዳር መጥፎ ምልክት ነው ብለው የሚፈሩ ሴቶች ናቸው እንግዲህ በሰልፍ ቆመው ያወለቁት። ርካሽ ቀለበት ገዝተው የሰጡ፣ የእውነተኛውን በመሳቢያ ጥግ የደበቁም እንደነበሩ ይተረካል። እነዚያን ሴቶች ባላውቃቸውም እወዳቸዋለሁ።

እኔ ወርቅን በግራም የምሰማ ሰው ነኝ። አንዲት እናት ቀለበቷን ስታወልቅ ምን ያህል እንደምትታገል፣ ሳሙናም ምራቅም እንደምትጠቀም፣ ጣቷ ላይ የሚቀረውን ነጭ ክብ ምልክት አይቻለሁ። ያ ሁሉ ቀለበት ቀለጠ፤ የማን የማን እንደነበር ላይለይ የወርቅ ጡብ ሆነ። ከዚያ ረቡዕ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ በተከዜ ሸለቆ በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ወረደ። የየትኛዋ ሴት ቀለበት የየትኛው በርሜል ዋጋ እንደሆነ የሚናገር ደረሰኝ የለም። እኔ ግን ሒሳብ ማመሳከር ሥራዬ ነውና፣ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ሳላስቀምጥ መተኛት አልቻልሁም።

በዚህኛው ወገን ደግሞ ሌላ ወርቅ አለ። እቴጌ መነን በስደት ሳሉ አገራቸው ነፃ ከወጣች የነገሡበትን ዘውድ ለቤተልሔሙ የልደት ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ተሳሉ፤ ከድሉ በኋላም ስለታቸውን ፈጸሙ። ስለ ሁለቱ ስጦታዎች ብዙ አልጨምርም።

የቀለበቱ ታሪክ በዚህ አያበቃም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በስድስት ኪሎው ቤተ መንግሥት ድኾችን ሰብስቦ ምጽዋት ይሰጥ የነበረው ለምን እንደሆነ እናስታውሳለን፤ የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ስለ ወለደ ነው። ሕፃኑ የዚያችው የመጀመሪያዋ ቀለበት ሰጪ፣ የንግሥት ኤሌና የልጅ ልጅ ነበር። ቦምቡ ተወረወረ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት አዲስ አበባ የሆነችውን ሁላችንም ከቤተሰባችን ሰምተናል። ከዚያች ዕለት ሁለተኛ ወር ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ሮም ላይ ስለ ጋብቻ አንድ ሕግ ወጣ። ከምሥራቅ አፍሪካ ተገዢ ጋር «የጋብቻ ዓይነት ግንኙነት» ያለው የኢጣልያ ዜጋ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል የሚል ነው።

በሕጉ ላይ ያለውን ጥበብ፣ ጥበብ ከተባለ፣ ልብ በሉት። ገንዘብ ከፍሎ ወደ ሴተኛ አዳሪ የሚሄድ ጣልያናዊ አይከሰስም። የሚከሰሰው የወደደው ነው። ዳኞቹ የሚመረምሩት በአንድ ገበታ ይበሉ እንደ ነበር፣ ስትታመም ያስታምማት እንደ ነበር፣ ልጅ ይፈልግ እንደ ነበር፣ ስጦታ ይሰጣት እንደ ነበር ነው። ፍቅር ማቃለያ መሆኑ ቀርቶ የወንጀሉ ማስረጃ ሆነ። ኅዳር 8 ቀን 1931 ዓ.ም. የወጣው የዘር ሕግ ደግሞ ጋብቻውን ራሱን ከለከለ። ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. የወጣው ሦስተኛው፣ ከሁለቱ የተወለደ ልጅ በጣልያናዊ አባቱ እንዳይታወቅ፣ ቀለቡም በአገሬው ወላጅ ጫንቃ ላይ ብቻ እንዲወድቅ አደረገ። ያገሬው ወላጅ ማለት እናቱ ናት።

ከሕጉ በፊት የነበረው ልማድም የተሻለ ነበር ማለት አይቻልም። በኤርትራ የነበሩ የኢጣልያ ሹማምንትና ወታደሮች «ማዳማቶ» በሚሉት ሥርዓት ከአገሬው ሴቶች ጋር ይኖሩ ነበር። ሰበባቸው የእኛው የደሞዝ ጋብቻ ነው፤ በውልና በተወሰነ ክፍያ ለጊዜው የሚደረገው። የደሞዝ ጋብቻ ግን ለሴቲቱም ለሚወለደውም ልጅ መብት ነበረው፤ አባት ልጁን አይክድም። እነርሱ ክፍያውን ወስደው ግዴታውን ተዉት። ዝነኛው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ በወረራው ዘመን መኮንን ሆኖ ሳለ ከአባቷ በገንዘብ ያገኛትን ልጅ «ሚስት» አድርጎ ነበር፤ በ1969 (እ.ኤ.አ.) በቴሌቪዥን ስለ እርሷ ሲያወራ ዕድሜዋን 12 አለ። አስመራ የተወለደችው ጋዜጠኛ ኤልቪራ ባኖቲ ከታዳሚው መካከል ተነሥታ፣ በአውሮፓ ምድር ይህን የመሰለ ነገር ምን እንደሚባል ጠየቀችው። በቂ መልስ አልሰጠም። ሚላን ላይ የቆመለት ሐውልት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ቀይ ቀለም ተደፋበት። ልጅቱ በሰርጓ ቀን ፊቷን ተሸፍና ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

ይህን ሁሉ ይዤ አንድ ማታ ወደ አጎቴ ሄድሁ። ስለ ሮማውያኑና ስለ ነጩ ቀሚስ ስነግራቸው በትዕግሥት ሰሙኝ፤ ቬሎ በአገሩ ስሷ ሻሽ ብቻ ናት ስላቸው ግን ቀና ብለው አዩኝ። ስለ ቀለበቱ ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ።

«ሚስቶቹ ናቸው ያወለቁት?»

«አዎን ጋሼ።»

«ድኾችም ነበሩባቸው?»

«ብዙዎቹ ድኾች ነበሩ።»

«ብረትም ተሰጣቸው» አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ አያቴ ከአንድ የጣልያን ምርኮኛ ጣት ላይ ያዩትን ግራጫ ቀለበት ያወሩ እንደነበር ነገሩኝ። አያቴ ሰውየውን ድኻ ነው ብለው አዝነውለት ነበር፤ ወርቅ መግዛት ያልቻለ መስሏቸው። እውነቱን ሳያውቁ ሞቱ። እኔም ያ ቀለበት የዚያ ቀን ቀለበት ይሁን አይሁን አልተከራከርሁም። ወደ በሩ ሲሸኙኝ፣ «ቬሎውን ግን አልመርቅም» አሉ።

ሰርጉ ደረሰ። አጎቴ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው መጡና በመራቂዎቹ ወንበር ተቀመጡ። እናቴ በዓይኗ ትለምነኛለች፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። እኅቴ በነጩ ቀሚስ፣ ፊቷን ተሸፍና፣ በሚዜዎቿ ተደግፋ መጥታ ጉልበታቸውን ልትስም በርከክ አለች። እጃቸውን አላነሡም። ካሜራው ይቀርጻል።

«ቬሎውን አንሡላት» አሉ።

ድንኳኑ ደነገጠ። ቀሚሷን በሰው ፊት አውልቁ ያሉ የመሰላቸውም ነበሩ። እኔ ብቻ ገባኝ፤ ተነሥቼ ለአንደኛዋ ሚዜ ሻሹን እንድታወልቀው ነገርኳት። በጥድፊያዋ ስትስበው ጨርቁ ከጸጉር መርፌው ጋር ተያዘና ቀጭን የመቀደድ ድምፅ ተሰማ። የእኅቴ ፊት ታየ፤ ኩሏ በእንባ ወርዷል። አጎቴ ሁለት እጆቻቸውን በራሷ ላይ ጭነው እኔ ሰምቼ የማላውቀውን ያህል ረጅም ምርቃት መረቁ። በመጨረሻም የሙሽራውን እጅ ይዘው ቀለበቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ወርቅ መሆኑን የሚያረጋግጡ ይመስሉ ነበር።

ቬሎው የኪራይ ነበር፤ ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት መመለስ ነበረበትና ከመሥሪያ ቤት አስፈቅጄ ይዤው ሄድሁ። አከራይዋ ቀሚሱን ገልብጣ አየች፤ ደህና ነው። ሻሹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግታ ስታነሣ ጣቷ በቀዳዳው በኩል ወጣ። በጣልያን አገር ይህ መልካም ምልክት ነው ልላት አፌን ከፈት አደረግሁና ፊቷን አይቼ ተውሁት፤ ቀብዱን ለእርሷ ትቼ ወጣሁ።